የታዛቢው ወንበር ባዶ ሲሆን



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ተናጋሪው አንዳንድ ጊዜ ለማውገዝ፣ አንዳንድ ጊዜም ለመሳቅ ይጠቅሰዋል፤ ነገር ግን በሁለቱም አኳኋን አንድ ጉዳይ ሳይነካ ያልፋል። ይኸውም ሹሙ ሲበላ ቆመው ያዩት ሰዎች ጉዳይ ነው። መንገድ ሲሠራ፣ ትምህርት ቤት ሲገነባ፣ የመስኖ ቦይ ሲቆፈር የሚመለከት ሰው ሞልቷል። ሙስና በጨለማ ይሠራል ቢባልም፣ በግንባታ ሥራ ውስጥ ያለው ሙስና ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገድ ዳር፣ ሕዝብ እያየው የሚፈጸም ነው። የሚጎድለው ዓይን አይደለም፤ ያየውን ነገር ከሰነድ ጋር አስተያይቶ «ከውሉ ይህን ያህል ጎድሏል» ብሎ የሚናገርና ንግግሩን የሚሰማ አካል ያለው ሰው ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በብዙ አገሮች የሲቪል ማኅበራት እየተሰባሰቡ ኅብረት ይመሠርታሉ። የሙያ ማኅበራት፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ የመምህራንና የተማሪዎች ድርጅቶች፣ የንግድ ምክር ቤቶችና የአካባቢ ነዋሪዎች በአንድ ጥላ ሥር ሆነው ሙስናን ለመዋጋትና መልካም አስተዳደርን ለማስፈን ቃል ይገባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የኅብረቱ ሐሳብ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የአንድ ኅብረት ጉልበት የሚለካው በመግለጫው ግርጌ በተደረደሩት ስሞች ብዛት አይደለም። ጨረታ በሚከፈትበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ ሥራው በሚሠራበት ቦታ ሜትር ይዞ የቆመ ሰው አለው ወይስ የለውም? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይህ ነው።

ለጥያቄው መልስ ፍለጋ የፊሊፒንስን ታሪክ መመርመር ይጠቅማል። ይህች ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር በሕዝብ ቁጥጥር ረገድ ረጅም ልምድ ያካበተች ከመሆኗም በላይ፣ ከኢትዮጵያ ጋር የምትገናኝበት አንድ ነጥብ አለ። በ2008 የግንባታውን ዘርፍ ግልጽ ለማድረግ የታቀደው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በሙከራ ሲጀመር፣ ከተመረጡት ሰባት አገሮች መካከል ሁለቱ ኢትዮጵያና ፊሊፒንስ ነበሩ። (የውጭ አገር ታሪክ ሲነገር የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በሰሜን ሉዞን፣ አብራ በምትባል ተራራማ ክፍለ ሀገር ነው። በየካቲት 1986 የፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ መንግሥት በሕዝብ ንቅናቄ ወድቆ ኮራዞን አኪኖ ሥልጣን ሲይዙ፣ በምርጫው ወቅት የድምፅ ቆጠራ ሲታዘቡ የነበሩ የአብራ ነዋሪዎች ከምርጫው በኋላ አልተበተኑም። «ለመልካም መንግሥት የተቆረቆሩ የአብራ ዜጎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዘው ማኅበር አቋቋሙ። አዲሱ መንግሥት በየክፍለ ሀገሩ ለሥራ አጦች ሥራ የሚፈጥሩ የመንገድ፣ የድልድይና የመሳሰሉት ግንባታዎች ሲያስጀምር፣ የሕዝብ ማኅበራት አፈጻጸሙን እንዲከታተሉ በር ከፍቶ ስለነበር፣ የአብራው ማኅበር አባላትም ለዚሁ ተግባር ሥልጠና ተቀበሉ።

በ1987 የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት በአብራ የተጠናቀቁ 27 ግንባታዎችን ዝርዝር በጋዜጣ አወጣ። ማስታወቂያው የወጣው ለምስጋና ይሁን እንጂ፣ የማኅበሩ አባላት እንደ መመርመሪያ ሰነድ ተጠቀሙበት። ዝርዝሩን ይዘው እያንዳንዱን ቦታ በእግር ዞሩ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ የነዋሪዎችን ቃል በመሐላ አስመዘገቡ። ተጠናቀቁ ከተባሉት ሥራዎች ውስጥ ገና በጅምር ያሉና ጨርሶ ያልተነኩም ተገኙ። ማስረጃው ለማዕከላዊው መንግሥት ቀርቦ ከተመረመረ በኋላ 11 የመንግሥት መሐንዲሶች ጥፋተኞች ሆነው ተቀጡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመሐንዲሶች ማኅበር ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የተቀጡት ሰዎች የሙያው ባለቤቶች መሆናቸው ነው። ያልተሠራ ሥራ «ተሠርቷል» ተብሎ እንዲከፈልበት የሚያደርገው ፊርማ የመሐንዲስ ፊርማ ነው፤ ያለ እርሱ ገንዘብ ከካዝና አይወጣም። ሁለተኛው፣ ያጋለጧቸው ሰዎች ከውስጣቸው መሐንዲስ ቢኖርም አብዛኞቹ ተራ የአካባቢው ነዋሪዎች መሆናቸው ነው። ስለዚህ የሙያው ምሥጢር ነው ተብሎ የሚታሰበው ነገር፣ ከግማሽ በላዩ ምሥጢር እንዳልሆነ አብራ አስመስክራለች።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ የጠጠር መንገድ ይታሰብ። በውሉ መሠረት የተጠቀጠቀው ጠጠር 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ሲገባ፣ ተቋራጩ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢያለብስ በዓይን ለሚያየው መንገደኛ ልዩነቱ አይታይም። የጎደለው ግን 3,000 ሜትር ኩብ ጠጠር ነው፤ 12 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ቢያንስ 250 ምልልስ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። አካፋ፣ መለኪያ ሜትርና በውሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማወቅ ይበቃል። የገልባጮቹን ምልልስ ደግሞ በመንገዱ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት ከማንም አብልጣ ልትቆጥረው ትችላለች።

የኮንክሪት ሥራም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ የሚመዝኑ 7 ከረጢት ሲሚንቶ እንዲገባ ታዝዞ 5 ብቻ ቢገባ፣ በ200 ሜትር ኩብ ሥራ ላይ 400 ከረጢት ሲሚንቶ ይጎድላል። ግድግዳው በተሠራበት ዓመት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ርክክቡም ይፈጸማል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሰነጠቅ ግን፣ ፈራሚው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ተቋራጩም ሌላ ጨረታ አሸንፏል። ስለሆነም መቆጠር ያለበት ከረጢቱ በሚፈታበት ዕለት ነው። የኅብረቱ ሥራ ከዋና ኦዲተር ሥራ የሚለየው በዚህ ላይ ነው፤ ኦዲተሩ የሚደርሰው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ሲሆን፣ ነዋሪው ግን ሲቦካ ያየዋል።

ከአብራ የተገኘው ልምድ በአንድ ክፍለ ሀገር ተወስኖ አልቀረም። በ2000 በርካታ ድርጅቶችን ያቀፈ የግልጽነትና የተጠያቂነት ኅብረት በማኒላ ተቋቋመ። በዚሁ ጊዜ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥትን አገልግሎት የሚከታተል ክፍል ሲከፍት፣ በ2001 ደግሞ የመንግሥት ግዥን ብቻ የሚከታተል ድርጅት ተመሠረተ። እነዚህ ወገኖች ከመንግሥት ባለሙያዎች ጋር ሆነው የግዥው ሕግ እንዲሻሻል ሲሟገቱ ቆይተው፣ በጥር 2003 ሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 9184 ወጣ።

የኅብረቱ ሥራ ምን ፍሬ ሊያስገኝ እንደሚችል የመማሪያ መጻሕፍት ግዥ ያሳያል። ከ2003 ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴርና የሲቪል ማኅበራት ተስማምተው፣ ማኅበራቱ ጨረታውን ታዘቡ፤ በማተሚያ ቤት የመጻሕፍቱን ጥራት ተመለከቱ፤ መጻሕፍቱ ትምህርት ቤት ሲደርሱም ወንድና ሴት ስካውቶች ሳይቀሩ ቆጠሯቸው። በ1999 ከ80 እስከ 120 ፔሶ ይሸጥ የነበረው መጽሐፍ በ2006 ከ30 እስከ 45 ፔሶ ወረደ። ለዚህ ውጤት የጨረታው አሠራር መሻሻል ዋና ድርሻ ቢኖረውም፣ የተገዛው መጽሐፍ በእርግጥ ተማሪው ዘንድ መድረሱን ያረጋገጠው ግን የልጆቹ ቆጠራ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 9184 ለዚህ ጉባኤ ልዩ ትርጉም ያለው አንቀጽ ይዞ ነበር። አንቀጽ 13 እንደሚደነግገው፣ የጨረታው ኮሚቴ በግዥው ደረጃዎች ሁሉ፣ ከኦዲት ኮሚሽኑ ተወካይ ሌላ ቢያንስ ሁለት ታዛቢዎችን መጋበዝ አለበት። አንደኛው ታዛቢ ለግዥው ዓይነት ቅርበት ካለው የሙያ ወይም የሥራ ዘርፍ ማኅበር የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሚመጣ ነው። የግንባታ ጨረታ ሲሆን ሊጋበዙ ከሚገባቸው መካከል የአገሪቱ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በማስፈጸሚያ ደንቡ ውስጥ በስም ተጠቅሶ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሕጉ ለመሐንዲሶች ማኅበር ወንበር አዘጋጅቶ ስሙን ጽፎበት ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ከወንበሩ ጋር ሁለት ሁኔታዎች ተያይዘው ነበር። አንደኛ፣ ታዛቢዎቹ በአግባቡ ተጋብዘው ባይመጡ ጨረታው አይቆምም፤ ውጤቱም አይፈርስም። ሁለተኛ፣ በደንቡ እንደተጻፈው፣ ታዛቢው በተወሰኑት ቀናት ውስጥ ሪፖርት ካላቀረበ ኮሚቴው ትክክለኛውን ሥርዓት እንደተከተለ ይቆጠራል። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው የመንግሥት ሥራ በታዛቢ መቅረት ምክንያት እንዳይጓተት ብሎ ይሆናል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። የታዛቢው ዝምታ ዝምታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የምስክርነት ቃል ይሆናል።

በአማርኛ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በጎረቤት ጠብና በቤተ ዘመድ ነገር ብሂሉ ብልህነት አለው። በጨረታ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ይነቅዛል፤ ነቀዙም የሚታየው ከዓመታት በኋላ በፈረሰ ድልድይና በተሰነጠቀ ግድብ ላይ ነው።

ወንበሩ ባዶ እየሆነ ያስቸገረው በምን ምክንያት ነው? በማኅበራቱ ላይ ብቻ ማላከክ ፍትሐዊ አይሆንም። በአገሪቱ ጨረታ የሚያወጡት መሥሪያ ቤቶች፣ ከተሞችና መንደሮች በሺሕ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሠልጥነው በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉት ታዛቢዎች ግን ጥቂቶች ናቸው። ታዛቢው የራሱን ሥራ ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ቀኑን ሙሉ ሰነድ ሲገለበጥ መመልከት አለበት። የጨረታ ሰነድ ማንበብ የማይችል ከሆነ ደግሞ መገኘቱ ለኮሚቴው ማኅተም ከመሆን አያልፍም። በገጠር ከተማ ውስጥ ተቋራጩ የከንቲባው ዘመድ ሲሆን፣ ሪፖርት መጻፍ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ከለላም ይጠይቃል። በመሆኑም ሕጉ መብት ሰጠ እንጂ፣ መብቱን የሚሠራበት ሰው ሊሰጥ አልቻለም። ሰውን ማዘጋጀት የኅብረቱ ተራ ነበር።

ክፍተቱን ለመጥበብ የተደረጉ ጥረቶች አልጠፉም። በኅዳር 2012 የፊሊፒንስ ኦዲት ኮሚሽን ዜጎችን ከኦዲተሮች ጋር በአንድ ቡድን የሚያሰማራ አሠራር ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሥራዎች አንዱ በማኒላ ሰሜናዊ ክፍል ያሉ ከተሞችን ከጎርፍ ለመከላከል የተሠራው ፕሮጀክት ምርመራ ነበር። የዚህ አሠራር ብልኀት ዜጋው የሚሰጠው ቃል አቤቱታ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው፤ በኦዲት ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ሕጋዊ ኃይል ያገኛል።

ሆኖም ታሪኩ በድል አልተደመደመም። ግዥውን የሚገዛው ሕግ በ2024 በአዲስ አዋጅ በተተካ ማግሥት፣ በ2025 ፊሊፒንስ በጎርፍ መከላከያ ግንባታዎች ምክንያት ከፍተኛ ቅሌት ገጠማት። በሐምሌ ወር ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ ዳግማዊ ለሸንጎው ባደረጉት ንግግር ጉዳዩን አነሡት፤ በነሐሴም ከ2022 አጋማሽ ወዲህ የተካሄዱ 9,855 የጎርፍ መከላከያ ሥራዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ሆነ። የሥራዎቹ ዋጋ ከ545 ቢሊዮን ፔሶ በላይ ሲሆን፣ 100 ቢሊዮን ያህሉ በ15 ተቋራጮች እጅ የገባ ነበር። በቡላካን ክፍለ ሀገር፣ በባሊዋግ ከተማ፣ 55 ሚሊዮን ፔሶ ገደማ የወጣበትና ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል ተብሎ የተመዘገበ የወንዝ ዳር ግድግዳ በቦታው ሲፈለግ አልተገኘም። በመስከረም ልዩ የምርመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። መስከረም 21 ቀንም ቤተ ክርስቲያናት፣ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና የሲቪል ማኅበራት በኅብረት ሆነው በማኒላ አደባባዮች ታላቅ ሰልፍ አደረጉ። በወቅቱ ከተከሰሱትና ከሥራ ከታገዱት መካከል የወረዳ መሐንዲሶች ይገኙበታል።

በ1987 በአብራና በ2025 በቡላካን መካከል 38 ዓመት አለ። በሁለቱም ወረቀቱ «ተጠናቋል» አለ፤ መሬቱ ግን የለም አለ። በሁለቱም ዝርዝሩ ይፋ በሆነ ጊዜ ነዋሪው ሄዶ አየ። ልዩነቱ በአብራ ጥቂት የተደራጁ ሰዎች ዝርዝሩ እንደወጣ ወዲያው መሄዳቸው ሲሆን፣ በ2025 ግን ዝርዝሩ በአንድነት ይፋ የሆነው ገንዘቡ ከተከፈለና ጎርፉ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ሰልፉ ታላቅ ነበር፤ ቢሆንም አንድ መቶ ሺሕ ሰው በአደባባይ ቢሰለፍ፣ በጊዜው በጨረታው ክፍልና በወንዙ ዳር ያልተገኘውን አንድ ታዛቢ ሊተካ አይችልም።

ከዚህ በመነሣት፣ አንድ ኅብረት ፍሬ እንዲሰጥ አራት ነገሮች መሟላት እንደሚኖርባቸው መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ሰነድ፤ ውሉ፣ ንድፉ፣ የሥራ መጠን ዝርዝሩና የክፍያ ሰነዱ ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ በነዋሪው እጅ መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ ዕውቀት፤ ሰነዱን ወደ ሜትር፣ ወደ ከረጢትና ወደ ምልልስ የሚተረጉም ባለሙያ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ተቀባይ፤ የተገኘውን ጉድለት ተቀብሎ መርምሮ የሚወስን የመንግሥት አካል ከሌለ፣ ልኬቱ በማኅደር ውስጥ ይቀራል። አራተኛ፣ ንጽሕና፤ ኅብረቱ ራሱ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘና በምን ላይ እንዳዋለ ካላሳወቀ፣ ሌላውን ለመጠየቅ አፍ አይኖረውም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች አሉ። ሙያ የሌለው ሰው ጣልቃ ቢገባ ሥራ ይጓተታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የዲዛይን ብቃትን መመዘን የነዋሪ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከረጢት መቁጠር ዲዛይን መመዘን አይደለም፤ ድንበሩን ለይቶ ማስተማርም የባለሙያው ኃላፊነት ነው። ሌሎች ደግሞ የመሐንዲሶች ማኅበር አባላት ራሳቸው ተቋራጮች፣ አማካሪዎችና የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ስለሆኑ፣ ማኅበሩ ታዛቢ ቢልክ ዘመድ በዘመድ ላይ እንደሚመሰክር ይቆጠራል ይላሉ። ይህ ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው። መልሱ ማኅበሩ ከትዝብት እንዲርቅ ማድረግ ሳይሆን፣ በጨረታው ውስጥ ጥቅም ያለው አባል ታዛቢ እንዳይሆን መከልከል፣ ሪፖርቱንም ይፋ ማድረግ፣ ከታዛቢው ጎን ሁልጊዜ ከሙያው ውጪ የሆነ ሁለተኛ ዓይን እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። የፊሊፒንስ ሕግ ሁለት ወንበር ማዘጋጀቱም ከዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉም አለው።

በኢትዮጵያ ሁኔታው ምን ይመስላል? የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ዜጎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በአንጻሩ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን በመብትና በአስተዳደር ጉዳዮች እንዳይሠሩ በመከልከሉ፣ ብዙዎቹ የሥራ መስካቸውን ለወጡ ወይም ተዘጉ። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ክልከላው ተነሥቷል። የግንባታውን ዘርፍ ግልጽነት የሚመለከተው ፕሮግራምም መንግሥትን፣ የግሉን ዘርፍና የሲቪል ማኅበራትን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የማስቀመጥ ልምድ አስገኝቷል። እንግዲህ በሩ ሙሉ በሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል ባይባልም፣ ጨርሶ ተዘግቷል ለማለትም አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ የሰው ጥያቄ ነው። እድርና ደቦ ባለበት አገር ሰው ለጋራ ጉዳይ መሰብሰብን አዲስ ትምህርት አድርጎ አይቀበለውም። የእድር ዳኛ የገንዘብ ሒሳብ በአባላት ፊት ቆሞ ያስረዳል፤ አንድ ብር ቢጎድል ይጠየቃል። ያው አባል ግን በሰፈሩ ለሚሠራው መንገድ ስንት ሚሊዮን ብር እንደተመደበ ሳያውቅ ይውላል። የባለሙያ ማኅበር ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ አገልግሎት ይህን የእድር ልማድ እስከ መንገዱ ድረስ መውሰድ ነው። ባለ አንድ ገጽ መመሪያ አዘጋጅቶ በወረዳው ለሚካሄድ ሥራ ሦስት ወይም አራት የሚለኩ ነገሮችን ማሳወቅ፣ ወጣት አባላትን በየተራ ለትዝብት መመደብ፣ ለታዘበ አባልም የሙያ ከለላ መስጠት ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ አይጠይቅም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

መሐንዲስ በክፍያ ሰነድ ላይ ሲፈርም ሥራው በውሉ መሠረት መሠራቱን ይመሰክራል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የፊሊፒንስ ልምድ የሚጨምረው ነገር ቢኖር፣ መሐንዲስ ሳይፈርምም ሊመሰክር መቻሉን ነው። ተጋብዞ ያልሄደ፣ አይቶ ያልጻፈ፣ ለክቶ ያልተናገረ ባለሙያ ስሙ በሰነዱ ላይ ባይሰፍርም ቃሉ ተቆጥሯል። ስለዚህ የሙስና መከላከያ ኅብረት ሲመሠረትና ለማኅበሩ የአባልነት ጥሪ ሲደርስ፣ መልሱ በመግለጫው ላይ ስም ማስፈር ብቻ ሊሆን አይገባም። የሚቀጥለው ጨረታ የሚከፈተው መቼ ነው፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውስ ማን ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ መልሱም በቀንና በስም መመዝገብ ይኖርበታል።